መቶን ፍለጋ

በጆርዳን፣ በአማን ከተማ አንዲት የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ የምሳሌ ሰው ስም ሲወጣለት ጎረቤት ይሆንና ሐሜት ይጀመራል። ሰዎቹን ምሳሌ በሏቸው። ተራራውን፣ መንገዱንና ውሃውን ግን ካርታ ዘርግታችሁ፣ በራድ ጥዳችሁ ልትፈትኗቸው ትችላላችሁ።

መምህርቷ መጽሐፍ ይዛ ገብታ መጽሐፍ ይዛ የምትወጣ አልነበረችም። ቦርሳዋ ሲከፈት ሎሚ ይወጣል፣ ማግኔት ይወጣል፣ ክር፣ ሻማ፣ ለሁለት የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም የተረሳ የትናንት ሳንድዊች። አንድ ቀን ልጆቹን ወደ ግቢው አጥር ወሰደቻቸው። አማን ነጭ ከተማ ናት፤ ቤቱም አጥሩም በኖራ ድንጋይ የተለበጠ ነው። ድንጋዩ ላይ ሎሚ ጨመቀችበትና «ጆሮ አስጠጉ» አለች። ሃያ ስምንት ልጅ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ድንጋዩ በጣም በቀስታ፣ የአምቦ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲሰክን እንደሚለው፣ ሽሽ ይል ነበር።

«ሚስ፣ ድንጋይ ይተነፍሳል እንዴ?» አለ አንዱ። በዚያ አገር ተማሪ መምህርቱን «ሚስ» ብሎ ነው የሚጠራት።

«ሎሚው ሲነካው ውስጡ ታስሮ የኖረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተፈትቶ ይወጣል» አለችው። «እሳትም ያንኑ ያደርጋል። እዚሁ ከተማችን ጫፍ ዓይን ገዛል ላይ የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ድንጋይ አቃጥለው፣ ኖራ አውጥተው፣ በሸምበቆ እስር ላይ እየለጠፉ የሰው ምስል ሠርተውበታል።» ምስሎቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ከመሬት ወጥተዋል፤ ዛሬ ጆርዳን ሙዚየም ውስጥ ቆመው፣ ያንን ትልልቅ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ሊያዩአቸው በሄዱ ጊዜ አንዱ ኪሱ ውስጥ ሎሚ ደብቆ ተገኝቷል። ዘበኛው ነው የነጠቀው።

በከተማዋ ምዕራብ፣ በንጉሥ ሑሴን መናፈሻ ውስጥ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የልጆች ሙዚየምም አለ። ሌላው ሙዚየም «አትንኩ» ይላል፤ ይኼኛው ካልነኩት አይናገርም። መምህርቷ ያን ሙዚየም በቦርሳዋ ይዛ የምትዞር ትመስል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ የቤት ሥራ ሰጠች። የመማሪያ መጽሐፉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ይላል። እሷም «ቴርሞሜትር የሌላችሁ ከትምህርት ቤቱ ሳጥን ተዋሱ። ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ውሃ ጣዱ። ሲንተከተክ ስንት እንደሚል አይታችሁ ጻፉልኝ። ውሃውን እንዳትደፉት፤ ሻይ አፍሉበት» አለቻቸው።

ይህች የመጨረሻዋ ትእዛዝ ለቀልድ አልነበረችም። ጆርዳን በዓለም ላይ ውሃ ካጠራቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በአማን ብዙ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው፤ ቀሪውን ቀን የሚኖሩት እኛ ሮቶ የምንለውን ጋን ጣሪያ ላይ ሰቅለው፣ እሱን እያብቃቁ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ፣ ዲሲ ከሚባል ቦታ፣ ከመሬት ሆድ የተቀዳ ውሃ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ይመጣል። እንዲህ ደክሞ የመጣን እንግዳ ለሙከራ ብሎ ሜዳ ላይ መድፋት ነውር ነው።

ከተማሪዎቹ በአንዷ ቤት አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የደሴ ልጅ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ታናናሾቼን ላሳድግ ብላ ነው ዓረብ አገር የወጣችው። እሷም በጊዜዋ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብላ ተጠይቃ፣ «በ100» ብላ ጽፋ፣ ራይት አግኝታለች። ቴርሞሜትር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ያየችው ሥዕሉን ነው፤ እሱንም ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ።

እናም ያን ዕለት ማታ ሁለቱ፣ ልጅቷና እሷ፣ ማድቤት ገብተው በራዱን ጣዱ። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥላ ይዛለች። ቀይዋ ክር መጀመሪያ ዝግ እያለች፣ ቀጥሎ እየተጣደፈች ወጣች። ሰባ። ሰማንያ። ዘጠና ላይ የበራዱ ወለል በትንንሽ ዶቃ ተሸፈነ። ከዚያ ውሃው ተገለባበጠ፤ እንፋሎቱ የልጅቷን መነጽር አለበሰው። ጠርጋ ስታይ ክሯ 97 ላይ ቆማለች። እሳቱን ጨመሩ። ውሃው ዘለለ እንጂ ክሯ ነቅነቅ አላለችም።

«ተበላሽቷል» አሉ አባትየው። አባትየው የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ያልተመጣጠነ ቁጥር ይዘው የሚተኙ ሰው አይደሉም። በዚያው ማታ ወርደው ሌላ ቴርሞሜትር ገዝተው መጡ። 97። በማግስቱ ሦስተኛ ገዙ። እሱ ጭራሽ 97 እንኳ መሙላት አቃተው።

«ሦስቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው» ብለው ሦስቱንም መሳቢያ ውስጥ ወረወሯቸው። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ለይታ አወጣች። አያትየው ከሶፋቸው ሳይነሡ «መጽሐፍ ይዋሻል እንዴ?» አሉ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ልጅቷም ደብተሯን አውጥታ «100» ብላ ጻፈች።

ሌሊት ሠራተኛዋ ሰሃን ስታጥብ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ማድቤት መጣች። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል።

«ስንት አየሽ?» አለቻት ሠራተኛዋ።

«ዘጠና ሰባት።»

«ታዲያ?»

«መጽሐፉ መቶ ይላል።»

ሠራተኛዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ስለ ቁጥሩ አላውቅም» አለች በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዋ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኛ አገር ሽምብራ ጥደሽ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ አልበሰለም። እዚህ ገና ሽንኩርቱን ሳልከትፍ ይፈርስብኛል። የመጣሁ ሰሞን ሁለት ጊዜ አሳርሬው ማዳም ተቆጥታኛለች። የጋዙ እሳት በርትቶ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንጃ። ውሃውም እንደየአገሩ ነው መሰለኝ።»

ልጅቷ ላጲስ አነሣች። መቶዋ በእርሳስ ብትሆንም በጣም ተጭና የተጻፈች ስለነበር ላጲሱ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። በዚያ በሳሳው ቦታ ላይ «97» ብላ ጻፈች። ከሥሩም፦ «እኛ ቤት ያለችው ኢትዮጵያዊት በአገሯ ሽምብራ ቶሎ አይበስልም ትላለች።»

መምህርቷ ደብተሮቹን ሰብስባ ቤቷ ስታያቸው ከሃያ ስምንቱ ሃያ አራቱ 100 ብለዋል። ሁለቱ 99 ብለዋል፤ እነዚህ ዓይናቸውንም መጽሐፉንም ማስቀየም ያልፈለጉ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዷ 97። አንዱ ልጅ ደግሞ በዚያ ሳምንት የሰፈራቸው ውሃ አልመጣም፣ ሮቷቸውም ባዶ ነበር፤ በመልሱ ቦታ «ውሃ የለም» ብሎ ጽፏል። እኔ አራሚ ብሆን ሙሉውን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ልጅ ነበር።

እሷ ግን ለማንም ራይትም ኤክስም አልሰጠችም። በሃያ ስምንቱም ደብተር ላይ፣ በባለ97ቷም ላይ ጭምር፣ በቀይ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈች።

ልጅቷ ማታ ቃሏን ጮክ ብላ አነበበች፦ «አይነ?»

«ዓይኔ! ውይ፣ እንዴት ብትወድሽ ነው!» አለች ሠራተኛዋ።

ልጅቷ ግራ ገባት። በዓረብኛ «አይነ» ማለት «የት?» ማለት ነው። ሠራተኛዋ ዓረብኛዋን ከማድቤትና ከገበያ ነው የለቀመችው፤ በዚያ የሚባለው «ዌን» ነው፤ የመጽሐፉን ቃል አልሰማችውም ነበር። «ዓይኔ» በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ለልጅቷ ስትነግራት ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ ግን ሳቋን ሳትጨርስ «የት? ማለት ምን ማለት ነው? ማድቤት ነዋ የለካሁት» አለች።

በማግስቱ መምህርቷ ክፍል ገብታ «መቶን ያየ እጁን ያውጣ» አለች።

እጅ የለም።

«ሃያ አራት ሰው ጽፎልኛል እኮ።»

አንዱ ከኋላ «መጽሐፉ አይቶታል፣ ሚስ» አለ።

«መጽሐፉ የት ሆኖ አየው?»

ለዚህ መልስ ያለው አልተገኘም። እሷም ቡታጋዟን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ውሃ ጣደች። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ ክሯን አነበቡ። ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ሰባት። ሃያ አራቱ ጸሐፊዎች ጫማቸውን ይመለከቱ ጀመር። አልተቆጣቻቸውም። ውሃው ላይ ሻይ ቅጠልና ናዕናዕ ጨመረችበትና እያጠጣቻቸው «ሐሙስ መቶን ፍለጋ እንወጣለን፤ ለየአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይምጣልኝ» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ሰሙ። «ፈተናው 97 የሚለውን ኤክስ ነው የሚያደርገው። ልጆቹን ከነጥባቸው ልታጣያቸው ነው?» አሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የልጆቹ ወላጆች ሲመጡ የሚቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። «ፈተናው ላይ 100 ይጻፉ። ከጎኑ ግን የጎደለችውን ሐረግ ይጨምሩባት» አለቻቸው። የትኛዋን ሐረግ እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

ሐሙስ ደረሰ። በዚያ አገር የትምህርት ሳምንቱ የሚያልቀው ሐሙስ ነው። ማዳም ሥራ ነበረባትና ከልጅቷ ጋር ሠራተኛዋ ተላከች። አውቶቡሱ ኋላ ላይ፣ የሳንድዊቹን ቅርጫት ታቅፋ ተቀመጠች። እንደዚያ ነው የለመደችው፤ ከኋላ፣ ዕቃ ታቅፎ።

ከመነሣታቸው በፊት መምህርቷ ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጥታ «አጥብቃችሁ ክደኑትና እንዳትከፍቱት» አለች። የምዕራብ አማን ኮረብታዎች ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ናቸው። ሙት ባሕር ደግሞ ከጠለሉ በታች ከ430 ሜትር በላይ ወርዶ፣ በምድር ላይ ካለ የብስ ሁሉ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አንድ ሰዓት አይሞላም። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ማለት ነው፤ የዓባይን በረሃ በጎሃ ጽዮን በኩል የወረደ ሰው ሆዱ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል።

ናዑር የሚባለውን ቦታ አልፈው መንገዱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር የልጆቹ ጆሮ ይደፈን ጀመር። ከዚያ አንዷ ጮኸች። ጠርሙሷ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገባ። ቀጥሎ የጎረቤቷ። ቀጥሎ ተራ በተራ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ጠርሙስ ሆዱ ተጣበቀ።

«ማነው የሚጨምቀው?» አለች መምህርቷ ከፊት።

«ማንም!» «ሚስ፣ እኔ አልነካሁትም!» «ጂን ነው!»

«ጂኑ አየር ነው። በወረድን ቁጥር ከላያችን የሚቆለለው አየር ይበዛል፤ አየር ደግሞ ክብደት አለው። ከላይ ይዛችሁት የመጣችሁት አየር የአማን አየር ነው፣ ስስ ነው፤ የቆላውን አየር መቋቋም አቃተው።»

መንገዱ ዳር አንድ ምልክት ቆሟል። «የባሕር ጠለል» ይላል። አላፊ አግዳሚው ፎቶ ተነሥቶበት የሚሄደው ድንጋይ ነው፤ ባሕር የለ፣ ጠለል የለ፣ ዙሪያው ደረቅ ኮረብታና ነፋስ ብቻ። ሾፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ አቆመ። መምህርቷ ቡታጋዟን መሬት ላይ ተክላ ልጆቹን ሹራባቸውን አስወልቃ በክብ እንደ አጥር አስያዘቻቸው፤ ነፋሱ እሳቱን እንዳያጠፋው። ቴርሞሜትሩን የያዘው ያ «ውሃ የለም» ያለው ልጅ ነው። እሷ ናት የመረጠችው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፣ እሷም አልተናገረች።

ዘጠና። ዘጠና አምስት። ዘጠና ሰባት ላይ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ክሯ አልቆመችም። ዘጠና ስምንት። ዘጠና ዘጠኝ። ውሃው ተገለባበጠ።

«መቶ!» አለ ልጁ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሚስ፣ መቶ! እዚህ ነው ያለው!»

ሹራቦቹ ሁሉ ወደ ላይ ተወረወሩ። እሳቱ ጠፋ። ማን ግድ አለው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳወጣና ሳወርድ እዚህ ላይ ሁሌ እቆማለሁ። መጽሐፉ አልዋሸም ነበር። አድራሻውን ነው የጣለው። የስዊድኑ አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየሩ ክብደት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አውቆ፣ ነጥቡን በተወሰነ የአየር ግፊት ላይ ነው የቸነከረው። (እሱ እንዲያውም የሚፈላውን ውሃ 0፣ የሚቀልጠውን በረዶ 100 ብሎት ነበር፤ በኋላ ነው የተገለበጠው። ቁጥር እንኳ ይገለበጣል።) ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ሲዞር «በባሕር ጠለል» የምትለዋ ሐረግ መንገድ ላይ ወደቀች። የወደቀችበት ቦታ እነሆ፣ ከአማን ወደ ሙት ባሕር በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ ድንጋይ ቆሞላታል።

እሳቱ ዳግም ተለኩሶ ሻዩ እስኪፈላ መምህርቷ ወደ ሠራተኛዋ ሄደች። «እህቴ፣ ስለ ሽምብራው ያልሽውን አንብቤዋለሁ። አገርሽ ተራራማ ነው?»

ሠራተኛዋ ደነገጠች። ከመጣች ጀምሮ ስለ አገሯ ስትጠየቅ የለመደችው «እዚያ ምግብ አለ?» የሚለውን ነው። «ደሴ ነው፣ ሚስ። ጦሳ የሚባል ተራራ ሥር። ብርዱ አጥንት ይገባል።»

መምህርቷ ስልኳን ከፍታ አየችና ልጆቹን ጠራች። «ደሴ የምትባል ከተማ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። የእኛ አገር ከፍተኛው ተራራ ስንት ነው?»

«ኡም አድ-ዳሚ፣ 1,854!» አሉ፤ ይህን ሸምድደውታል።

«እንግዲህ እኒህ እህታችን ያደጉት ከተራራችን ሁሉ በላይ ነው። አየር የድስት ክዳን ነው ብላችሁ አስቡ። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። ተራራ ላይ ክዳኑ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይከፈትለታል። በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀንሱ። ደሴ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?»

ልጆቹ ተንበርክከው አቧራው ላይ በእንጨት አካፈሉ። ተጣሉ፣ አጠፉ፣ እንደገና አካፈሉ። «92!» አሉ።

«ለዚህ ነው ሽምብራው የማይበስለው» አለች ባለ97ቷ ልጅ በቀስታ። «ውሃው ይፈላል እንጂ ብዙ አይሞቅም።»

ሠራተኛዋ አቧራው ላይ የተጻፈውን 92 ዝቅ ብላ አየችው። እናቷ ከምድጃው ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗ በጭስ እየቀላ፣ «ይህ ሽምብራ ድንጋይ ነው፣ ነጋዴው አታሎኛል» ስትል ትዝ አላት። ስንቱን ነጋዴ ነው በከንቱ የረገመችው!

«ሚስ» አለች፣ «እኔ እኮ ደሴ ተቀምጬ 100 ብዬ ጽፌ ራይት አግኝቻለሁ።»

«እኔም አማን ላይ» አለች መምህርቷ።

እኔም አዲስ አበባ ላይ። ከ2,300 ሜትር በላይ ቁጭ ብዬ፣ የሻይ ውሃ በየጠዋቱ በ92 ግድም ከአፍንጫዬ ሥር እየተንተከተከ። እናቴ ባቄላ ማታ ትዘፈዝፋለች፣ ጠዋት ትጥዳለች፣ ቀትር ላይ ታማርራለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» እያልኩ እሸመድዳለሁ። ሁለታችን ስለ አንድ ድስት እንደምንናገር አልጠረጠርንም።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረዱ። ዳርቻው ላይ 101 አገኙ። መምህርቷ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እየሸሸ ያለውን ውሃ፣ ጥሎት የሄደውንም ነጭ የጨው እርከን አሳየቻቸው። «ልጆቻችሁን ስታመጡ ምልክቱ ያው እዚያው ነው፤ ባሕሩን ግን ወርዳችሁ ትፈልጉታላችሁ» አለች። አንድ ቀበጥ ግን ከባሕሩ ራሱ በኩባያ ቀድቶ ጣደ። የቴርሞሜትሩ ክር 101ን አልፋ ወጣች፤ ገና ሳይፈላ ወደ ቁጥሩ መጨረሻ ተጠጋች።

«ሚስ! አሁንስ ምን ሆነ?»

መምህርቷ ሰዓቷን አየች። «ይኼ የሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብላ ሳቀች። ልጆቹ በመመለሻው መንገድ ስለ ጨው ሲጨቃጨቁ፣ የተጨመቁት ጠርሙሶች አንድ በአንድ ተመልሰው ሲነፉ ማንም ልብ አላላቸውም። ያየችው ከፊት ወንበር ላይ፣ መምህርቷ አጠገብ፣ ቅርጫቱን ወለል ላይ አኑራ የተቀመጠችው ሠራተኛ ብቻ ናት።

በዚያ ሰሞን አንዲት ጓደኛዋ ወደ አገር ቤት ልትመለስ ዕቃ ስትሸክፍ፣ ልጅቷ የአባቷን መሳቢያ ከፍታ ከ«ብልሹዎቹ» ቴርሞሜትሮች አንዱን አወጣች። አባትየው አዩዋት። «እሱ እኮ ልክ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ዝም አሉ። ሠራተኛዋ በካልሲ ጠቀለለችውና በዚያ የዓረብ አገር ወፍራም ብርድ ልብስ እጥፋት ውስጥ ሸጎጠችው። ሰባተኛ ክፍል ላለው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሟ ደወለ። ማታ ነበር፤ ደሴ ላይ ብርድ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

«እታለም፣ ደርሶኛል። እማዬ ውሃ ጥዳልኝ አሁን እየለካሁ ነው። ግን መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው መሰለኝ።»

«ምን ይላል?»

«ሲፈላም 92 ነው። እሳት ጨመርን፣ እንቢ አለ። እማዬ ደግሞ ቀድሞውንም የዓረብ ዕቃ አይታመንም እያለች ነው።»

ሠራተኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም አለች።

«ደብተርህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«92 ብለህ ጻፍ። ከጎኑ ደሴ ብለህ ጨምርበት።»

«መምህራችን ኤክስ ቢያደርግብኝስ?»

መልስ አልሰጠችውም። ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጥብቃ ያዘችው። ከወዲያ፣ ከእናቷ ምድጃ ላይ፣ ውሃው ሲንተከተክ ይሰማታል።